ስሙ የማይጠራ ሙዚቃ

መጋቢት 27 ቀን ቦሌ መድኃኔዓለም ደርሶ የሚያውቅ ሰው ጭንቅንቁን ያውቀዋል። ነጠላ ያጣፋው ሕዝብ ከኤርፖርት መንገድም ከካሜሩን ጎዳናም ወደ ካቴድራሉ ይጎርፋል። ጧፍና ሻማ ሻጮች አስፋልቱ ዳር ይደረደራሉ። ታክሲ ከመቆም በማይሻል ፍጥነት ይጎተታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ የሚወጣው ዜማ በሕንጻዎቹ መስታወት እየተላተመ ሲመለስ፣ ለማረፍ ዝቅ ያለ አውሮፕላን ከላይ ያልፍበታል።

በእንዲህ ያለ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ሾፌሩ ከከፈተው ሬዲዮ ፒያኖ ተሰማ። ለሰዓት ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል፤ ፕሮግራሙ ቀድሞ አልቆ ኖሮ ዜናው እስኪደርስ ክፍተቱን እንዲሞላ የተለቀቀ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጧፋቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘዋል። ጆሯቸውን ወደ ድምፁ ዘንበል አድርገው ጥቂት አዳመጡና፣ «ይኼ ምንድነው ልጄ? የቤተ ክርስቲያን ይመስላል፤ ግን ደግሞ አይደለም» አሉኝ። «የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነው እማማ። መነኩሲት ናቸው፤ ፒያኖ ይጫወቱ ነበር» አልኳቸው። «መነኩሲት?» ብለው ፊታቸውን ወደ እኔ ሲመልሱ ሙዚቃው ከመሀሉ ተቆረጠ። የሰዓት ምልክት፣ ማስታወቂያ፣ ከዚያ ዜና። የተቆረጠው ማን የደረሰው፣ ማን የተጫወተው እንደሆነ አቅራቢው አንድ ቃል አልተናገረም።

ይህ የአንድ ጣቢያ ወይም የአንድ ቀን ጉድለት ቢሆን ኖሮ ብዕር አላነሣበትም ነበር። የሀገራችን ሬዲዮ በዘጠና ዓመት ዕድሜው ቃል የሌለውን ሙዚቃ ሁልጊዜ ይፈልገዋል፣ ሁልጊዜም ይጠቀምበታል፤ ስሙን ግን አይጠራም። ዘፈን ከሆነ ዘፋኙ ይነገራል፣ ግጥምና ዜማ የማን እንደሆነም አንዳንዴ ይታከላል። ቃል የሌለው ሲሆን ግን አንድ ስም ብቻ አለው፦ «ክላሲካል»።

ቃሉን ልብ እንበለው። በአዲስ አበባ አማርኛ «ክላሲካል» ማለት ባህር ማዶ እንደሚባለው የባህ ወይም የሞዛርት ሙዚቃ ማለት አይደለም። ዘፋኝ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ማንኛውም ሙዚቃ ክላሲካል ነው። በክራር የተገረፈ ትዝታም፣ በኪቦርድ የተሠራ ባቲም፣ በሳክስፎን የተነፋ አምባሰልም በዚህ ስም ይጠራል። የዋልያስ ባንድ መሪ የነበረው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር ይዞ ብቻውን የሠራው ካሴት በርዕሱ ላይ ይህንኑ ቃል የያዘው በዚህ ትርጉሙ ነው። ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ እንደገና ታትሞ የዓለም አድማጭ ሲያገኘው ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር። እኔ በቃሉ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ሕዝብ የራሱን ትርጉም ሰጥቶታል፣ የሕዝብም ነው። የሚከፋኝ ቃሉ የመጋረጃ ሥራ መሥራቱ ነው። «ክላሲካል ነው» ከተባለ በኋላ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ አይኖርም።

የሬዲዮው ታሪክ ከአቃቂ ይጀምራል። ጣሊያኖቹ የሠሩት የአቃቂ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ደግሞ እነዚያው ጣሊያኖች ሊወሩን በር ላይ ቆመው ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ ለዓለም ንግግር አሰሙበት። ከነፃነት በኋላ ሬዲዮው እንደገና ሲቋቋም የሚያሰማው ሙዚቃ ያስፈልገው ነበር፤ ሸክላ ውድ ነው፣ የሀገር ውስጥ ቅጂም የለም ከማለት አይሻልም። ያለው ባንድ ነው። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ፣ ኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቀኞች ስቱዲዮ ድረስ እየሄዱ ይጫወቱ ነበር። ዛሬ በየማኅበራዊ መገናኛው የምንቀባበላቸው ብዙዎቹ የድሮ ሥራዎች ከሬዲዮ ክር የተረፉ ናቸው።

ባንዶቹን ኖታ ያስተማሯቸው ሰዎች ታሪክ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለዘመናዊ ሙዚቃችን መሠረት ጣሉ፤ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰውም ኬቮርክ ነው። የወንድሙ ልጅ ንርሰስ ናልባንዲያን ከዚያ ቀጥሎ መጣ። ንርሰስ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ዕድሜውን የጨረሰ፣ የኢትዮጵያን ቅኝቶች በብዙ መሣሪያ እንዲጫወቷቸው አድርጎ በኖታ ያቀናበረ፣ ዜግነታችንን ወስዶ እዚሁ የሞተ ሰው ነው። ቅንብሮቹን ሬዲዮ ለዓመታት አሰምቷቸዋል። ከመቶ አድማጭ ስንቱ የንርሰስን ስም ከሬዲዮ ሰምቶ ያውቅ ይሆን?

ሌላም የውጭ ሰው አለ፤ ፖላንዳዊው የቫዮሊን ሊቅ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች። ካይሮ ውስጥ ያስተምር ከነበረበት መጥቶ የክብር ዘበኛን ሙዚቃ መራ። ኮንቶሮቪች ካይሮ ሳለ ካስተማራቸው አንዷ ወጣት ኢትዮጵያዊት ነበረች። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ የውብዳር ገብሩ። ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ሁለተኛ ትልቅ ጣቢያ ተከፈተ። የሉተራን ዓለም አቀፍ ኅብረት ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በሁለት የ100 ኪሎዋት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ወደ አፍሪካና እስያ በብዙ ቋንቋ ያስተላልፍ ነበር። በዚያ ዘመን ያደጉ የአዲስ አበባ ሰዎች የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃ መጀመሪያ የሰሙት ከብሥራተ ወንጌል እንደሆነ ሲያወሩ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው።

በአብዮቱ ዘመን ቃል አልባ ሙዚቃ አዲስ ግዳጅ ተሰጠው። ከአዋጅ በፊት ማርሽ፣ ከሐዘን በፊት ዋሽንት። የእኔ ትውልድም ከዚያ በኋላ የመጣውም ይህን ለምዷል፤ ሬዲዮ ያለ ሰዓቱ ዋሽንት ካሰማ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሥራውን ያቆማል፤ አንድ ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነውና። ዋሽንት የእረኛ ነው፣ የደስታም የብቸኝነትም ነው። በሬዲዮ ግን መርዶ ነጋሪ ሆኖ ቀረ። ሰዎች ዋሽንት ሲሰሙ ደንግጠው ጣቢያ ሲቀይሩ አይቻለሁ፤ አንድ መሣሪያ ላይ ከዚህ የከበደ በደል መፈጸም ይቻላል ብዬ አላስብም።

የበገና ዕጣ ደግሞ ሌላ ነው። በንጉሡ ጊዜ በዐቢይ ጾም ሬዲዮው በገና ያሰማ ነበር፤ በደርግ ጊዜ ያ ቀረ። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተምሩ የነበሩት ዓለሙ አጋ እንጦጦ የተወለዱ፣ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተማሩ ሊቅ ናቸው። ትምህርቱም ታጠፈ፣ መምህሩም ሥራውን ለቀቁ። አንድ ትውልድ በገናን ሳይሰማ አደገ። ዛሬ በጾም ወቅት በገና የማያሰማ ጣቢያ የለም፣ የበገና ማሠልጠኛዎችም ተከፍተዋል፤ ድምፁ ተመልሷል። የተመለሰው ግን እንደገና በማጀቢያነት ነው። ከጸሎት ጀርባ፣ ከግጥም ጀርባ፣ ከበጎ አድራጎት ማስታወቂያ ጀርባ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ በገናና ስለ ሬዲዮ አንድ ነገር ልናገር፤ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛልና። በገና ዐሥር ጅማት አለው። ድምፁ እጅግ ወፍራምና ዝቅ ያለ ነው፤ እንደ ትንሽ ራዲዮናችን ያለ መናኛ ድምፅ ማጉያ ያንን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ማውጣት አይችልም፣ አቅሙ አይደለም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ጅማት ሥር፣ ከድልድዩ ላይ፣ እንዝራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ አለች። ጅማቱ ሲመታ እንዝራዋን ይነካል፤ የበገና መለያ የሆነው ያ የሚነዝር ድምፅ ከዚያ ይወለዳል። ንዝረቱ ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን ደርቦ ያመጣል። ራዲዮኑ ወፍራሙን ድምፅ ማውጣት ሲያቅተው ቀጫጭኖቹን ያወጣቸዋል፤ የሰው ጆሮ ደግሞ ከእነርሱ ተነሥቶ የጎደለውን ወፍራም ድምፅ ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ አያቶቻችን በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ራዲዮን በገና ሲሰሙ፣ ያላመጣውን ድምፅ ይሰሙ ነበር። ይህን የሠራ ሰው ፊዚክስ አልተማረም፤ መሣሪያውን ግን ለባዶ ክፍልና ለአንድ ሰው ጸሎት ሲሠራው፣ ሳያውቅ ለሬዲዮም ሠራው። እንዲህ ያለውን ነገር ለአድማጭ በሁለት ደቂቃ የሚያስረዳ አቅራቢ ቢኖር የበገናው ድምፅ በዚያ ሰው ጆሮ ዳግመኛ እንደ ድሮው አይገባም።

ወደ የውብዳር ልመለስ። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደች። ገና በስድስት ዓመቷ ከእህቷ ከስንዱ ገብሩ ጋር ስዊዘርላንድ ተልካ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች፤ ስንዱ ኋላ በፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት ተመራጭ የሆኑት ናቸው። የውብዳር እዚያ ቫዮሊንና ፒያኖ ጀመረች። በጣሊያን ወረራ ቤተሰቧ ተግዞ ወደ ጣሊያን ደሴት ተወሰደ፣ ከወንድሞቿም የተገደሉ አሉ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄዳ ከኮንቶሮቪች ዘንድ በቀን ዘጠኝ ሰዓት እየተለማመደች ተማረች። እንግሊዝ ሄዳ እንድትማር ዕድል መጣላት፤ ፈቃድ ሳታገኝ ቀረች። ከዚህ በኋላ የሆነው የሚታወቅ ነው። ምግብ ትታ ታመመች፣ ቆረበች፣ ወደ ግሸን ማርያም ሄደች፤ መነኮሰችና ጽጌ ማርያም ተባለች። ዐሥር ዓመት በባዶ እግሯ ኖረች፤ ፒያኖም አልነካችም።

እማሆይን ወደ ሙዚቃ የመለሷቸው የቆሎ ተማሪዎች ናቸው። እርሳቸው ጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለመማር ሄደው ሳለ፣ ቁራሽ እየለመኑ፣ ውጭ እያደሩ ዜማና ቅኔ የሚማሩትን ልጆች አዩ። እማሆይ ልጆቹን የሚረዱበት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ሙዚቃ ግን ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢ ለችግረኞች ነበር። ያንን ሸክላ ስሰማ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይታየኛል፤ ግራ እጃቸው አውሮፓ ተምሮ የመጣ ነው፣ ቀኝ እጃቸው ከማኅሌት የወጣ ደብተራ ነው፤ ሁለቱም አይጣሉም። ቅኝቶቻችን በፒያኖ ላይ እንደዚያ እንደ ሰው ትንፋሽ ሲረዝሙና ሲያጥሩ ከእርሳቸው በፊት አልሰማሁም።

ከዚያስ? እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ኢየሩሳሌም ባለው የኢትዮጵያ ገዳም ደብረ ገነት ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኢትዮፒክስ የተባለው የፈረንሣይ ተከታታይ እትም በ21ኛው ቅጹ ሥራዎቻቸውን ሰብስቦ ሲያወጣ ዓለም ሰማቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኖታዎቻቸው በመጽሐፍ ታተሙ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የእንግሊዙ ቢቢሲ በሬዲዮ 4 ስለ እርሳቸው ሙሉ ዘጋቢ ፕሮግራም ሠራ፤ ያዘጋጀችው ኬት ሞለሰን ናት። ለፕሮግራሙ የተሰጠው ርዕስ በምዕራባዊ የመጠጥ ቤት ፒያኖ ስም የሚጠራቸው ነው፤ አይመጥናቸውም፣ አልወደድኩትም። ሥራውን ግን አከብረዋለሁ። ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዳ ከጠባቧ ክፍላቸው ገብታ፣ ጠይቃ፣ ታግሣ አዳምጣ የሠራችው ነው። ቆየት ብላም በጻፈችው መጽሐፍ ለእማሆይ አንድ ምዕራፍ ሰጠች።

የሞለሰን ሙያ ለዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር አለው። እርሷ የክላሲካል ሙዚቃ ጋዜጠኛ ናት፤ በቢቢሲ ሬዲዮ 3 ፕሮግራም ታቀርባለች። ሬዲዮ 3 እ.ኤ.አ. በ1946 «ሦስተኛው ፕሮግራም» ተብሎ የተጀመረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 ወዲህ ያሁኑን ስሙን የያዘው፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ጣቢያ ነው። በዚያ ጣቢያ አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ሙዚቃ እያስተዋወቀ፣ የደራሲውን ስም እየጠራ፣ ታሪኩን እያወጋ ጡረታ ሊወጣ ይችላል። ያ ሥራ ነው፣ ደመወዝ አለው፣ ማዕረግ አለው። በእኛ ሬዲዮ የስፖርት ጋዜጠኛ አለ፣ የምጣኔ ሀብት ዘጋቢ አለ፣ የመዝናኛ አዘጋጅ አለ። የመሣሪያ ሙዚቃ ጋዜጠኛ የሚባል የሥራ መደብ ግን አይቼ አላውቅም። የእማሆይን ዘጋቢ ፕሮግራም የሠራው የለንደን ሬዲዮ የሆነው ለንደን ከእኛ በላይ ስለሚወዳቸው አይመስለኝም። ሥራዬ ብሎ የሚይዘው ሰው ስለቀጠረ ነው።

እማሆይ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ቀኑ እሑድ ነበር፤ በጾሙ ሰንበታት ስያሜ ገብር ኄር። በዚያ ዕለት በየቤተ ክርስቲያኑ የሚነበበው ወንጌል የተሰጠውን መክሊት አትርፎ ስለተመለሰው በጎ ባሪያ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለምም ያንኑ አንብቦ ወጥቷል።

እማሆይ ብቻ አይደሉም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ አሜሪካ ሮቼስተር በሚገኘው የኢስትማን ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ኋላ በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ሊቅ ናቸው። «እረኛው ዋሽንተኛ» የተባለውን የኦርኬስትራ ድርሰታቸውን ሀንጋሪ ውስጥ ራሳቸው ኦርኬስትራ እየመሩ አሰምተዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በስደት ሳሉ ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ የመጣው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ ክራር እየደረደረ አድጎ ያሬድ ትምህርት ቤት ገባ፣ እዚያ ፒያኖን አገኘ፣ ከዚያ ቡልጋሪያ ሶፊያ ሄደ፤ ተመልሶም በያሬድ አስተማረ። ከሥራዎቹ አንዱ የተሰየመው እንደገና በባለ ዋሽንቱ እረኛ ነው። ሁለት ሰዎች፣ ሁለት ትውልድ፣ አንዱ ለኦርኬስትራ ሌላው ለፒያኖ፤ ሁለቱም መነሻቸውን ያደረጉት ያንን ሬዲዮ የመርዶ ምልክት ያደረገውን ዋሽንት ነው። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን አስደምጦ፣ በመካከላቸው የእውነተኛ እረኛ ዋሽንት አስገብቶ አንድ ሰዓት መሥራት ምን ያህል ቀላል፣ ምን ያህልስ የሚያምር ነበር። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሦስት ቅጂና አንድ የተዘጋጀ አቅራቢ ይበቃዋል።

የሳክስፎኑን ሰው ጌታቸው መኩሪያን ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ ጥፋት ይሆንብኛል። ሽለላና ፉከራን፣ ያንን የጦር ሜዳ ጩኸት፣ በሳክስፎን ያስነሣ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዐረፈ። የጌታቸው ሽለላ በየበዓሉ፣ በየዐድዋው ቀን ይሰማል፤ «ክላሲካል» ተብሎ።

በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሲጀምር ሬዲዮ ወደ ታክሲ ገባ። ከዚያ በፊት የመካከለኛና የአጭር ሞገድ ድምፅ ጠባብ ነበር፤ ከቀጭኑም ከወፍራሙም ይቆረጥበታል። ኤፍ ኤም የፒያኖውን ጫፍ፣ የመሰንቆውን የፀጉር ፍትጊያ ሳይቀር ማድረስ ይችላል። ለመሣሪያ ሙዚቃ የመጣ ትልቅ ዕድል ነበር። ግን ጣቢያዎች በታክሲ ጫጫታ ውስጥ ለመሰማት ይሽቀዳደማሉ፤ ስለዚህ ዝግ ያለውን ድምፅ ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ እያደረገ ሁሉንም እኩል የሚያደርግ መሣሪያ ያስገባሉ። ለዜናና ለማስታወቂያ ይበጃል። ለእማሆይ ፒያኖ ግን ሞት ነው፤ የእርሳቸው ነገር ሁሉ ያለው በዝግታው ውስጥ ነውና። ድምፅ ለጥቂት ሰከንድ ሲጠፋ የሚጮህ መቆጣጠሪያም አለ፤ ዝምታ በሬዲዮ ቤት የብልሽት ምልክት ነው። ሙዚቃው በጸጥታ የሚናገር ከሆነ መሣሪያው ራሱ አይታገሠውም። ይህ ሁሉ ሊስተካከል ይችላል፤ ለአንድ ሰዓት ፕሮግራም ቅንብሩን መቀየር የቴክኒሺያን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የሚያስፈልገው የሚጠይቅ ሰው ነው።

«አድማጭ የለውም» ይሉኛል። ይህን መልስ የምሰማው ሬዲዮ ሥራዬ ነው ከሚሉ ሰዎች ስለሆነ ቀለል አድርጌ አላየውም። ነገር ግን ወ/ሮ መዓዛ ብሩን አስባለሁ። በ97.1 ከባልደረቦቻቸው ጋር «ቅዳሜ ጨዋታ»ን ሲያቀርቡ፣ ኋላም በ2000 ዓ.ም. ሸገር 102.1 ሲጀምር፣ ሬዲዮ ማለት ጥድፊያና ጫጫታ ነው የሚለውን ሁሉ ትተው አንድን እንግዳ አስቀምጠው ለሳምንታት ያወጉ ነበር። የሰው ታሪክ በዝግታ ሲነገር አድማጩ ታክሲ ውስጥ ሆኖ መውረጃው ሲደርስ «ቆይ፣ ይጨርስ» እስኪል ድረስ ያዳምጣል። ያንን ያየ ሰው ኢትዮጵያዊ አድማጭ ለረዥም ነገር ጆሮ የለውም ብሎ መናገር አይችልም። ትዕግሥት ያለው ጥያቄ አድማጭ ካገኘ፣ ትዕግሥት ያለው ፒያኖ ለምን አያገኝም?

ነገሩ የምርጫና የፍቅር ብቻም አይደለም፤ ሕግ አለበት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአንድ ሥራ አመንጪ ከገንዘብ መብቱ ሌላ የሞራል መብት ይሰጠዋል፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠራለት ነው። ማሻሻያው፣ አዋጅ ቁጥር 872/2007፣ ሥራቸው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲቀርብ ባለመብቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል የሮያሊቲ ክፍያ የሚያገኙበትን መንገድ ዘረጋ። የሮያሊቲ ሥራ የሚጀምረው ደግሞ ከዝርዝር ነው፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ይህ ሥራ፣ የዚህ ሰው። በዝርዝሩ ላይ «ክላሲካል፣ 3 ደቂቃ» ተብሎ ከተጻፈ ገንዘቡ ለማን ይሂድ? ዘፋኙ ስሙ ይታወቃልና አንድ ቀን ይደርሰዋል። ዋሽንት ነፊው፣ መሰንቆ መቺው፣ ባለ በገናው ግን ከዝርዝሩም የሉም። ሬዲዮ ለዓመታት በነርሱ ትንፋሽ ክፍተቱን ሞልቷል።

እንደ ኢቢሲ ያለ የሕዝብ ጣቢያ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጠየቅበታል። የንግድ ጣቢያ ማስታወቂያ ካላገኘ ይዘጋል፤ ችግሩ ይገባኛል። በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ ሬዲዮ ግን የተቋቋመው ገበያው የማይሠራውን እንዲሠራ ነው። ከአቃቂ ዘመን ጀምሮ የተጠራቀመ ክርና ሸክላ የወረሰውም እርሱ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት፤ ከሙዚቃው በፊት ስም፣ ከሙዚቃው በኋላ ስም፣ በመካከል ዝም ብሎ ማስደመጥ። እንደዚህ የሚሠራ አንድ ወጣት ዛሬ ቢቀጠር ሃያ ዓመት ቆይቶ በዚህ ከተማ እንደ እርሱ የሚያውቅ አይኖርም። ከያሬድ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ከሚመረቁት ልጆች ስንቱ ለዚህ ሥራ ይበቃ ነበር።

ባለፈው ዓመት ከአንድ ጣቢያ ቴክኒሺያን ጋር ስቱዲዮ ውስጥ የመቀመጥ ዕድል አገኘሁ። የጣቢያውንም የእርሱንም ስም አልጠራም፤ እንደሌላው ሁሉ ነው፣ እርሱም መልካም ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ላይ «ክላሲካል» የሚል ማኅደር ከፍቶ አሳየኝ። ፋይሎቹ በቁጥር ብቻ የተሰየሙ ናቸው፤ ትራክ 01፣ ትራክ 02። ማን እንዳስገባቸው አያውቅም፤ እርሱ ሲቀጠርም እንደዚያው ነበሩ። አንድ በአንድ እየከፈተ አሰማኝ። የመጀመሪያው እማሆይ ናቸው አልኩት፤ ፋይሉ ላይ ተጭኖ ስማቸውን ጻፈበት። ሦስተኛው ግርማ ይፍራሸዋ ነው። ጻፈ። ሌላው ጌታቸው መኩሪያ፣ ይህንንስ እርሱ ራሱ ያውቀው ኖሯል፤ «እሱ ነው እንዴ?» እያለ በደስታ ጻፈው። አምስተኛው ኃይሉ መርጊያ።

ከዚያ አንድ ዋሽንት ተከፈተ። አራት ደቂቃ ገደማ ነው፣ ቅኝቱ አንቺሆዬ፤ ከጀርባው እንደ ወፍ ያለ ድምፅ ይሰማል፣ ምናልባት በደጅ የተቀዳ ነው። ትንፋሹ ረዥም፣ አሮጌ ሰው ይመስላል። ሁለታችንም ዝም ብለን እስከ መጨረሻው ሰማነው፤ ድጋሚ ከፈተው። እኔም አላወቅሁትም፣ እርሱም አላወቀውም። «ይሄ በየሐዘኑ የምንለቀው ነው» አለኝ። ጣቱን ኪቦርዱ ላይ አሳርፎ ጥቂት አሰበና፣ ቁጥሩን አጥፍቶ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ዋሽንት፣ አንቺሆዬ፣ ነፊው ይጠየቅ»።